ለደስታ ሰው በማለዳ አይጠራም

ታላቅ ወንድሜ ዓርብ ጠዋት ቢሮ ደውሎ «ታናሻችን እሁድ ማለዳ ከደቡብ አፍሪካ ይገባል። እማዬ አታውቅም፤ አንቺም አፍሽን ያዢ» አለኝ። ታናሻችን ከሄደ ዓመታት አልፈዋል። እዚያ ትንሽ ሱቅ አለው። እዚያ ሱቅ በከፈቱ ልጆች ላይ የሚደርሰውን ዝርፊያና ግድያ በጋዜጠኝነት ሥራዬ ስለምሰማ፣ ወሬው ደስ ብሎኝ ምንም ሳላጣራ ተቀበልኩት። እንዲህ ማድረግ ልማዴ አይደለም።

እናታችን የምትኖረው ሀና ማርያም፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ነው። «ቤቱ ቀለም ሊቀባ ነው፤ ሽታው ያምሻል» ብሎ ቅዳሜንና እሁድን ሆቴል እንድታሳልፍ አደረጋት። እኔ አብሬያት፣ ከሆሳዕና የሚመጡት ዘመዶች ደግሞ ከጎናችን ባሉት ክፍሎች እንድናድር ተወሰነ። ሆቴሉ ነፋስ ስልክ፣ አስፋልቱ ዳር ያለ አሮጌ ፎቅ ነው። ማንንም ቢጠይቁ ስለሚያሳይ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ይመቻል። ቁልፉን የሚሰጡት ከእንጨት ቁራጭ ጋር አስረው ነው። ሊፍቱ ቆሟል። መጋረጃው አቧራ የጠገበ ቡናማ ከፋይ ነው። አስተናጋጆቹ ግን ዛሬም ቢራቢሮ ከረባት ያስራሉ። መስኮት ሲከፈት የታክሲ ረዳቶች «ጋርመንት! ጋርመንት! አንድ ሰው!» የሚሉት ክፍሉ ውስጥ የቆሙ ያህል ይሰማል።

እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቦርሳዋን ከጭኗ አላወርድ አለች።

«ቀለም ለመቀባት ብሎ እኔን ሆቴል ያስገባል? ያውም ወንድምሽ?»

«ትንሽ ትዝናና ብሎ ነዋ።»

«ለታክሲ መክፈል የሚያመው ሰው! ስልኬንስ ለምን ወሰደው?»

«መስታወቱን ሊያሠራልሽ።»

«ከተሰነጠቀ እኮ ዓመት አለፈው» አለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዘመዶቻችን በሚኒባስ ደረሱ። ወንድሜ ምስጢሩ እንዳይወጣ ፈርቶ ለእነሱ የነገራቸው «ትፈለጋላችሁ፣ ኑ» ብሎ ብቻ ነበር። የአባቴ እህት ያመጣችውን ቆጮና ቅቤ ለማድረስ መጀመሪያ ሀና ማርያም ጎራ ብላ ነበርና፣ ግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል አይታለች። ድንኳኑ የእሁድ ምሳ ሊበላበት ነው። ድንኳን ግን ለሠርግም ለለቅሶም ያው ድንኳን ነው፤ ሠርግ ደግሞ ቤታችን እንደሌለ አክስቴ ታውቃለች። ክፍላችን ገብታ አንዲት ቃል ሳትናገር እናቴን አንገቷ ላይ ተጠምጥማ ቆየች። እናቴ በአክስቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ዓይን ዓይኔን አየችኝ።

ኮሪደር ላይ አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«ማን ነው?»

«ማንም አይደለም፣ አክስቴ።»

«እሺ። አንቺም ገና አልተነገረሽም ማለት ነዋ» ብላ ጉንጬን ዳበሰችኝና ሄደች።

ሐሳቤ የተደበላለቀው ያኔ ነው። መርዶ እንዴት እንደሚነገር አውቃለሁ። ሰው በየሰበቡ ይጠራል፤ ለአንዱ ታመመ፣ ለሌላው ሠርግ ነው ይባላል። ባለ ሐዘኑ እንዲበላና እንዲተኛ ይደረጋል፣ ሌላ ሰው ቀድሞ እንዳይደውልለት ስልኩ ይወሰዳል፣ ማለዳ ላይ ይነገረዋል። አባታችን ሲሞት እኔን የመስክ ሥራ ላይ ሳለሁ ያስጠራኝ ይኸው ታላቅ ወንድሜ ነበር። «መሬቱን ልንከፋፈል ነው፣ ነይና ፈርሚ» አለኝ። ድምፁ ላይ ምንም የሐዘን ምልክት አልነበረም። ታዲያ «ታናሻችን ይገባል» የሚለው ለእኔ የተፈጠረልኝ ሰበብ ቢሆንስ?

ለታናሼ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው። ታላቄን ደረጃው ላይ አገኘሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ስልኩ ለምን ተዘጋ?»

«መንገድ ላይ ነዋ!»

«ትኬቱን አሳየኝ።»

«ራሱ ነው የቆረጠው። ደግሞ እኔን እንደ ባለሥልጣን አታፋጥጪኝ።»

«ዓይንህስ?»

«በግ ስገዛ፣ ድንኳን ስከራይ መች ተኛሁና! ይልቅ ለሁሉም ንገሪልኝ፤ ነገ ማለዳ ምግብ ቤቱ ውስጥ እንዲሰበሰቡ።»

ማለዳ አለ። ለዘመዶቼ ነገርኩ። አንዱም ለምን ብሎ አልጠየቀኝም፤ ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ።

ክፍላችን ስመለስ እናቴ በሩን እንድዘጋ ጠቆመችኝ።

«አንቺ ዋሽተሽኝ አታውቂም። ልጄ አለ?»

ምስጢሩን ከዚያ በላይ መያዝ አልቻልኩም። «አለ። ነገ ጠዋት በአውሮፕላን ይመጣል። ሊያስደስቱሽ ብለው ነው የደበቁሽ» አልኳት። ፊቷ ይፈታል ብዬ ጠበቅኩ።

«በሳጥን ነው?» አለች።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የማውቀው የተነገረኝን ብቻ ነበር፤ የተነገረኝንም ከእንግዲህ አላምነውም። በእኔ ዝምታ መልሷን አገኘች።

ሲነጋጋ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ወረደች። ታላቄ አውሮፕላን ማረፊያ ሄዷል። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል፤ እናቴን ከምሰሶው ጀርባ አስቀምጠው ሴቶቹ ከበዋታል። አንድ አስተናጋጅ ሻይ ይዞ ብቅ አለና ፊታችንን አይቶ ከነትሪው ተመለሰ። እኔ በሩን እያየሁ የታናሼን ስልክ ደጋግሜ እሞክራለሁ፤ አሁንም ዝግ ነው።

መጀመሪያ የገባው ታላቅ ወንድሜ ነው፤ ብቻውን። ልጁ እስኪገባ ዝም በሉ ለማለት እጁን አነሣ። አክስቴ የተነሣውን እጅ እንዳየች «ወየው ልጄን!» ብላ ጮኸች፤ ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። «ኧረ ቆዩ! ኧረ ቆዩ!» ይላል ታላቄ፤ ማን ይስማው!

በሩ ላይ ታናሻችን ሻንጣውን እየጎተተ ደረሰ። ወፍሯል፣ ጢም አውጥቷል። የሚያለቅሰውን ዘመድ ሁሉ አየ፤ እናቱን አላየም።

«እማዬስ?» አለ። «እማዬን ምን አደረጋችኋት!» ሻንጣውን ለቆ በጉልበቱ ወደቀ።

ድምፁን ስትሰማ እናቴ ሴቶቹን ገፍታ ከምሰሶው ጀርባ ወጣች። አላቀፈችውም። ፊቱን፣ ትከሻውን፣ ክንዶቹን፣ በግ እንደሚገዛ ሰው እየጨበጠች ፈተሸችው። ከዚያ ወደ ታላቄ ዞረች።

«ታዲያ ማን ነው?»

«ማንም የለም፣ እማዬ! እሱ መጣ! እልል በሉ እንጂ!»

«ይኼን ሁሉ ሰው ከሆሳዕና ድረስ ያመጣኸው ለማንም ሳይሆን ነው?»

«ለደስታ ነው!»

«ለደስታ ሰው በማለዳ አይጠራም።»

አክስቴ በእንባዋ መሀል «እውነቷን ነው» አለች። ታናሼ ከወለሉ ሳይነሣ የእናቴን ቀሚስ ጨብጦ ይስቃል ይሁን ያለቅስ አይታወቅም። እናቴ ጭንቅላቱ ላይ አንድ እጇን አኑራ፣ ዓይኗ ግን የቤቱን ሰው አንድ በአንድ ይዞራል፤ ማን እንደጎደለ እያየች ነው። ነጠላዋን ገና አላቃናችውም።

«አንቺ» አለችኝ፣ «ሥራሽ ማጣራት አይደል? እዚህ ለሌሉት ሁሉ ደውዪ።»

«አሁን? ሰው ተኝቷል እኮ!»

«አሁን።»

የመጀመሪያውን ስልክ ያነሣችው ሐዋሳ ያለችው የአጎቴ ልጅ ናት። እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ «አቤት» አለች። ደህና መሆኗን ልጠይቃት ብቻ እንደደወልኩ ነገርኳት።

እሷ ግን ቀስ ብላ «ማን ነው?» አለችኝ።