ወፍ ያልተከተለው እርሻ

ሐሙሲት መናኸሪያ የተቃጠለ የመኪና ዘይት በሸተተኝ ቁጥር የጎረቤታችን ልጅ የታንጉት ቆርቆሮ ትዝ ይለኛል። ጣልያን ደብረ ታቦርን በያዘበት ዘመን መኪናውን የሚያድሰው በእነ ታንጉት ማሳ ዳር ነበርና ባዶውን የዘይት ቆርቆሮ ለእሷ ሰጣት። እሷ በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ፣ እኔ በእንስራ ውሃ ስንቀዳ ቅናት አንጀቴን ይልጠው ነበር።

ክረምት ሲገባ ሁለቱም አባቶች በሬ ጠመዱ። የአባቴን ማረሻ ወፉ ትል ሊለቅም ግር ብሎ ተከተለው። የተቃጠለው የመኪና ዘይት ሲደፋበት በከረመው በእነ ታንጉት ማሳ ግን አንድም ወፍ አላረፈ።

«አባየ፣ ወፉ እነሱን ለምን ጠላቸው?»

«አፈሩ ውስጥ ነፍስ ያለው ነገር አልቋላ፣ ልጄ።»

ታንጉት ድንበሩ ላይ ቆማ ወፎቻችንን በቅናት ታያለች። እኔ ቆርቆሮዋን አያለሁ። ዛሬም ያ ሽታ ሲመጣ የሚያምረኝ ያው ቆርቆሮ ነው።