በመቃኑ ላይ ያሉት ሁለት ጭረቶች

ይህን የበር መቃን ተመልከቱ። የአንዲት ትንሽ ልጅ ቁመት የተለካባቸው፣ በሚስማር የተጫሩ ሁለት ምልክቶች አሉበት። የታችኛው ልጅቷ ሁለት ዓመት ሲሞላት፣ የላይኛው ሦስት ሲሞላት የተጫረ ነው። በመካከላቸው ሁለት ጣት እንኳ አይገባም።

የጫረችው እናቷ ናት። አንድ ትልቅ ፎቅ ውስጥ አሥራ ሁለት ሽንት ቤት በቀን ሦስት ጊዜ ታጥባለች። እጇ ስለሚሸት የሠፈሩ ሰው «እትዬ በረኪና» ይላታል፤ እሷም ትስቃለች። ልጇን «ጩጬ» ሲሏትም ድሮ ትስቅ ነበር። አሁን ፊቷን ታዞራለች።

ልጅቷ አልተራበችም፤ የሚያበሽቀውም ይኸው ነው። እናት ከራሷ ጉሮሮ ነጥቃ እንቁላል ታበላታለች። ግን ወር ሳይሞላ ተቅማጡ ተመልሶ ይመጣል። «ጥርስ ነው» ትላለች። ጥርሱ ሁሉ በቅሎ ካለቀ በኋላም «ጥርስ ነው»!

አንድ ቀን የጤና ሠራተኛ መጣች። መቃኑን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«ፖፖዋን የት ነው የምትደፊው?»

«እዚሁ ደጅ ነዋ! የሕፃን እኮ ነው፣ እህቴ፤ ምን ይጸየፉታል?»

«ዶሮዎቹ ይጭሩታል፣ እሷ ትጫወትበታለች፣ እጇን ትልሳለች። የሕፃንም ቢሆን በሽታ አለው እኮ። አንጀቷ ሕመም ሲታገል እየዋለ የበላችው ለአጥንቷ አይደርስም።»

እትዬ በረኪና አፏን በእጇ ያዘች። ዕድሜዋን የሰው ሽንት ቤት ስትፈገፍግ የኖረች ሴት!

«በቃ፣ ካሁን በኋላ ሽንት ቤት እደፋዋለሁ።»

«የቱ ሽንት ቤት?»

ሁለቱም ዞረው አዩ። አሥራ ስድስት አባወራ የሚጠቀምበት ጉድጓድ ሞልቶ በግቢው መሐል ይፈሳል። እናት አከራይዋን እንድታስመጥጠው ስትለምን ከርማለች፤ የአከራይዋ መልስ አንድ ነው፦ «የሞላችሁት እናንተ! ካልተመቸሽ ልቀቂ!»

«እሺ፣ አሁንስ ትረዝማለች?» አለች እናት፣ ድምፅዋ ቀጥኖ።

«ያመለጠው ሁሉ አይመለስም። የቀረውን እናድን።»

በማግስቱ እናት ደጃፉን በጣውላ ዘጋች። ጎረቤቷን አሮጊት «እናቴ፣ አደራ፣ ደጅ እንዳትወጣብኝ» ብላ ልጇ እያለቀሰች ሥራ ሄደች፤ የሌሎችን ሽንት ቤት ልታጥብ።

ጩጬ አራት ዓመት ሊሞላት ነው። ሚስማሩ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

አንተ ቤት የምታከራይ፣ አንቺም የምታከራዪ፣ ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ግቢያችሁ ሂዱና ጉድጓዱን እዩ። ሞልቶ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ አስመጥጡ።