ወንድምና እህት በአንድ ፎቶ

በዚያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንዉዲ ከተማ ባለው የሙሽሪት ወላጆች ቤት ጋራዥ ውስጥ የነበርነውን አንድ በአንድ ልጥራ። ሙሽሪት፣ ዝቅ ያለች የእንጨት በርጩማ ላይ ተቀምጣ። እናቷ፣ ከጎኗ። አባቷ፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ ያለው ሞቴል ባለቤት፣ የእኔም አሠሪ። የአባቷ ታላቅ እህት፣ ሥርዓቱን ሁሉ የሚያዝዙት ሴትዮ፤ ሰው ሁሉ አክስቴ ስለሚላቸው እኔም አክስቴ እላቸው ነበር። የሚዘፍኑት የጎረቤት ሴቶች፣ ምንጣፍ ላይ። ጓደኛዬ፣ መኪና ስላልነበረኝ ከምኖርበት ከፓይን ሌክ ያደረሰኝ። እኔ። መጨረሻ ላይ ደግሞ የእናትየው ወንድም፣ ከአላባማ ነድተው ዘግይተው የደረሱት።

ፎቶ ማንሳት ማንም አላስተማረኝም። ከቤተ መጻሕፍት በተዋስኳቸው መጽሐፎችና ባበላሸኋቸው ፊልሞች ነው የተማርኩት። ጠዋት ጠዋት በሞቴሉ ላውንደሪ አንሶላ አጥብ ነበር። አሠሪዬ በእረፍት ሰዓቴ ካሜራ ስወለውል አይተው፣ «ልጄን ታነሳልኛለህ?» አሉኝ። የአንድ ቀን ሥራ መስሎኝ እሺ አልኩ። የጉጃራቲዎች፣ የእነዚህ ሕንዶች፣ ሰርግ ግን የሚያደክመው ገና ሰርጉ ሳይደርስ ነው። መጀመሪያ የዝሆን ራስ ያለውን የአምላካቸውን ምስል አስቀምጠው ጸለዩ። በማግስቱ ሴቶቹ መዳፋቸውን ዘርግተው የተቀቡት ሂና እስኪደርቅ ተቀመጡ፤ ውሃ እንኳ የሚጠጡት ሌላ ሰው ሲያጠጣቸው ነበር። ከዚያ አዳራሽ ተከራይተው ክብ ሠርተው ጨፈሩ፣ በትር ከበትር እያጋጩ። እኔ ከክቡ ፊት ፊት ወደ ኋላ እየተራመድኩ አብሬ ዞርኩ። ጠዋት ደግሞ አንሶላው ይጠብቀኛል። ቅዳሜ ስትደርስ እጄ በረኪና በረኪና ይሸታል፣ ዓይኔ ይቆጠቁጠኛል፣ ወገቤን ደግሞ የሌላ ሰው ይመስል ተሸክሜው ነበር የምዞረው።

ያን ቀን እናትየው ወደ ጥግ ጠሩኝ።

«ሌላው ሁሉ ቢበላሽ አልቆጣህም» አሉኝ። «ዛሬ ወንድሜ ይመጣል። አባታችን ከሞተ ወዲህ አልተነጋገርንም። እናታችን የት ትኑር በሚል ተጣልተን ነው። እሷ አሁን አገር ቤት ናት፣ ዓይኗ ደክሟል፣ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት አትችልም። የለመነችኝ አንድ ነገር ነው። ሁለታችሁን በአንድ ፎቶ አሳዩኝ አለች።»

«አነሳለሁ፣ እመቤቴ» አልኳቸው።

«ተሰልፋችሁ ቁሙ ብትለን እሱ አይቆምም። ሳሪውን ሲሰጠኝ ነው የምታገኘን።»

በእነሱ ልማድ ልጅ ስትዳር የእናቷ ወንድም ለሙሽሪት ቀይ ጠርዝ ያለው ነጭ ሳሪ፣ ሰውነት ላይ የሚጠመጠመውን ረጅም ጨርቅ፣ ያመጣል፤ እህቱንም ሌላ ሳሪ ከራሷ ላይ ያለብሳታል። ያለ እሱ ሥርዓቱ አይሞላም። ቢኳረፉም የማይቀርበት ቀን ነው።

ወንድምየው እስኪመጡ ሙሽሪትን እርድ ይቀቧት ነበር፣ በሽምብራ ዱቄትና በዘይት የተለወሰ እርድ። እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። በፍሎረሰንት መብራት ሥር የዚያን ጊዜ ፊልም ቢጫውን አረንጓዴ ያደርገዋል፤ ሙሽራዋ የታመመች ትመስላለች። ስለዚህ መብራቱን አስጠፋሁ። የጋራዡ በር ክፍት ስለነበር ብርሃን ነበረን። ውጭ የጥድ ዛፎቹ የአበባ ብናኝ መኪኖቹን ሁሉ ቢጫ አልብሷቸዋል፤ ውስጥም ቢጫ፣ ውጭም ቢጫ ነበር።

አክስቴ ጣታቸውን ነክረው ወደ እኔ መጡ።

«አግብተሃል?»

«አላገባሁም።»

«ታዲያ ና! ያላገባ ሰው ሲቀባው ቶሎ ትዳር ይወጣለታል። ስትስቅም አይቼህ አላውቅ፣ ጥርስ የለህም እንዴ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሌንሱን በመዳፌ ሸፈንኩና ፊቴን ሰጠኋቸው። ጓደኛዬ ከበሩ ሆኖ በአማርኛ፣ «እኔንም ይቀቡኝ በላቸው፣ እኔ ነኝ የቸገረኝ!» ብሎ ጮኸ።

ቀጥሎ ነፋስ ተነሳ፤ ለሥርዓቱ የበራችውን የዘይት መብራት አጠፋት። አክስቴ የጋራዡን በር አስዘጉ። ጋራዡ ጨለም አለ፣ እኔም ወደ ፍላሽ ዞርኩ። ባትሪው ስለደከመ ፍላሹ ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ቀስ እያለ ነበር የሚሞላው።

ወንድምየው በቤቱ በኩል ገቡ። ቀጭን ሰው ናቸው፣ ሸሚዛቸው ከመንገዱ ተጨማዷል። ማንንም በደንብ ሳያዩ ጫማቸውን አወለቁ። መኪናቸው መንገድ ዘግቶ ስለቆመ ጓደኛዬ፣ «የእኛን ሙቭ አድርጌ ቦታ ልልቀቅላቸው» ብሎ በቤቱ በኩል ወጣ። ወንድምየው ነጩን ሳሪ ለሙሽሪት ሰጡ፤ አነሳሁ። ከዚያ ወደ እህታቸው ሊዞሩ ሲሉ አክስቴ ክንዴን ያዙኝ።

«ሳህኑን! የጣፋጩን ሳህን ፎቶ አንሳው፣ ሳይነካ!»

አክስቴን እምቢ የሚል ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። ሳህኑን አነሳሁ። ፍላሹ ባዶ ሆነ። ቀና ስል ወንድምየው ሳሪውን ዘርግተው ይዘዋል፣ እህታቸው አንገታቸውን ደፍተዋል። መሙላቱን የሚያሳየው የፍላሹ ትንሽ መብራት አልበራም። ብርሃን እንዲሰበስብ የካሜራውን መዝጊያ በጣም አዘገየሁት፣ ክርኔን ጎድኔ ላይ አጣበቅሁ፣ ትንፋሼን ያዝኩ። ብርሃኑ እንደማይበቃ አውቅ ነበር።

ያኔ የጋራዡ በር መነሳት ጀመረ። ብርሃኑ ከመሬቱ ተነስቶ ሽቅብ መጣ፤ መጀመሪያ እግራቸውን፣ ቀጥሎ ሳሪውን፣ ከዚያ እጃቸውን አገኘ። ተጫንኩ።

ወንድምየው ጎንበስ ብለው በእህታቸው ጆሮ አንድ ነገር ተናገሩ። እህትየው አለቀሱ። አክስቴ ፍላሹ እንዳልበራ አይተው፣ «ድገሙት! ልጁ አላገኘውም!» አሉ፣ እኔም እንድሰማ በእንግሊዝኛ። ወንድምየውም ራሳቸውን እየነቀነቁ በእንግሊዝኛ መለሱ።

«ሰጥቻለሁ። የሰጡትን ነጥቆ እንደገና መስጠት የለም» አሉና ሄደው ከአሠሪዬ አጠገብ ተቀመጡ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲመጣ ፎቶውን ብዙ ጊዜ አየሁት። የእህትየው ፊት በሳሪው ተሸፍኗል። የወንድምየውን ፊት የአክስቴ ክንድ ጋርዶታል። የሚታየው በእህትየው ራስ ላይ ያረፈ አንድ እጅ ነው፣ ጫፉ የተቆረጠ አውራ ጣት ያለው። እርዱ ግን ቢጫ ነው፣ ትክክለኛው ቢጫ። ለእናትየው ሳቀርበው ይቅርታ ልጠይቅ ተዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ።

«ልጅ ሆኖ ሸንኮራ ሲቆርጥ ነው» አሉኝ አውራ ጣቱን እያሳዩኝ። «ያሰረችለት እናታችን ናት። አሳድገህ አትምልኝ።»

አሳድጌ አተምኩት። ከብዙ ሳምንት በኋላ የሙሽሪት እናት ላውንደሪ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። አሮጊቷ እናት ፎቶውን ዓይናቸው ላይ አስጠግተው፣ ፊት ሳይፈልጉ፣ ሳይጠይቁ እጁን አወቁት። በስልክም፣ «እጁ ከስቷል። ደውይለት፣ ይብላ» ብለዋል። እሳቸውም ለወንድማቸው ደውለዋል። በልተዋል ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል ማድረቂያው ጮኸና አንሶላዬን ላወጣ ዞርኩ።

አሁንም የማላውቀው ያን በር የከፈተው ማን እንደሆነ ነው። ጓደኛዬ እኔ አይደለሁም ብሎ ይምላል። «እኔ ውጭ ነበርኩ፣ ፓርክ አድርጌ ስመለስ ራሱ ተነሳ።» አክስቴ እንዳይሆኑ፣ አንድ እጃቸው የእኔን ክንድ ይዞ ነበር፣ ሌላው ፎቶው ውስጥ አለ። አሠሪዬን ብጠይቃቸው ሳቁብኝ። በሩን የሚያነሳው የኤሌክትሪክ ቁልፍ ከምንጣፉ በላይ ግድግዳው ላይ ነበር፣ ዘፋኞቹ ከተቀመጡበት። እዚያ የነበራችሁ፣ ወይም ከነበሩት የሰማችሁ፣ የተጫነው ማን ነው? አውቆ ነው ወይስ ሞቆት? ወንድምየው በጆሮ ያሉትንም የሰማ ካለ ይጨምርበት። እኔ ቋንቋውን አላውቅም፤ ትንፋሼንም ገና አልለቀቅኩም ነበር።