የአባባ እልልታ

አያቴ፣ አባባ፣ ካረፉ ገና አርባ ቀናቸው አልሞላም፤ እኔ ግን ከለቅሶው ንዴቱ ብሶብኛል።

ከሚሴ ባለው ሰፈራችን የጠፋው የቧንቧ ውሃ ሲመጣ፣ ወንድ ሆነው እልልታውን የሚያቀልጡት እሳቸው ነበሩ። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው፣ «ደግሞ ማን ወለደ? ወንድ ነው ሴት?» ይሏቸዋል።

«ውሃ ነው! ተመስገን በይ!»

«አልሃምዱሊላህ!»

እኔ በሃፍረት እሞት ነበር። «አባባ፣ ስምንት ቀን ለጠፋ ውሃ ምን ምስጋና ያስፈልገዋል? እኔ ተናድጃለሁ!»

«ተናደጂ፤ ባልዲውን ግን አምጪ» ይሉና አማትበው ይጸልያሉ።

ባለፈው ሳምንት ውሃው መጥቶ ሄደ። እልል ብሎ የሚነግረው ስላልነበረ መንደሩ በሙሉ ሳይቀዳ ቀረ። ለቀስተኛው ደግሞ «ዕድሜ ጠግበዋል፤ ተመስገን በይ» ይለኛል። አልልም! ለምን እላለሁ?

ትናንት ቧንቧው ማሳል ሲጀምር ግቢው ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። በንዴት እያለቀስኩ እልልልል አልኩ። ከአጥሩ ማዶ እማማ ዘይነባ እየተንሰቀሰቁ፣ «አብሽሪ ልጄ… ማን ወለደ?» አሉኝ።

«ውሃ ነው፣ እማማ። ተመስገን ይበሉ።»

አሁንም ተናድጃለሁ፣ አባባ። ባልዲውን ግን አምጥቻለሁ።