የፊርደውስ ሦስት መቶ ሰውና ሁለቱ ሰ

በሐጂ ዓብዱልቃድር ሱቅ ጓዳ ውስጥ ሦስት መቶ ሰው ተደብቋል ተባለ። የደበቀቻቸውም ልጃቸው ፊርደውስ ናት፤ ወደ ጅዳ ልትሸኛቸው ነው። ወሬውን ያመጣችው ሽንኩርት ቸርቻሪዋ ይታየሽ ናት። ስሟ ይታየሽ ይባል እንጂ የሰማችውን ነው የምታወራው፤ ያየችውን አውርታ አታውቅም። ጠዋት ሳሙና ልትገዛ ገብታ ፊርደውስ በስልክ «ሦስት መቶውንም ባንዴ አስገባኋቸው፤ ግማሾቹ ወደቁ» ስትል ሰማች። ሳሙናውን ረስታ ወጣች። ለምሳ ሰዓት የወደቁት ሞተው፣ ሰቆጣ ለቅሶ የሚደረስበትን ቤት እየጠየቀ ነበር።

እኔ ጌታሰው የሱቅ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። መሰላል ላይ የሚውል ሰው የሰው ጓዳ ማየቱ አይቀርም። ወሬ አልጠላም፤ ይሄኛውን ግን ላርመው። ጓዳው ውስጥ ያሉት ሁለት ጆንያ ጨው፣ አንድ ላፕቶፕና ፊርደውስ ብቻ ናቸው። ሦስት መቶ ሰው የለም። የለም ስል ግን ደግሞ አለ። ግራ የተጋባሁት እዚህ ላይ ነው።

«ሰዎቹ የታሉ?» አልኳት።

«የውሸት ናቸው። ኮምፒውተሩ ነው ሰው የሚሆነው።»

«ሦስት መቶውንም?»

«ሦስት መቶውንም።»

«ታዲያ ይታየሽ ምን ዋሸች?»

ሳቀችብኝ። ኮምፒውተር ወልዲያ ተምራ መጥታ ዓመት ሙሉ ጨው ስትመዝን ከረመች። ዘንድሮ አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለአንድ ወር ሙከራ ያዛት። አለቃዋ ወንዳወቅ ይባላል፤ ድምፁን እንጂ መልኩን አናውቀውም። የሚመጣው ሰኞ የማሽላ ዘር ምዝገባ በኢንተርኔት ሊከፈት ነው። በዙሪያችን ካሉት ወረዳዎች፣ ከዝቋላና ከሰሃላ፣ ገበሬው በእግሩ መጥቶ በሰቆጣ ጣቢያ ይመዘገባል፤ ያልተመዘገበ ዘር አያገኝም። የፊርደውስ ሥራ እውነተኛው ሰው ሳይመጣ የውሸቱን ማሰለፍና መዝጋቢው ማሽን ይችላቸው እንደሆነ መፈተን ነው። ዓርብ «ይችላል» ወይም «አይችልም» ብላ ትጽፋለች። ካልጻፈች ሙከራው አበቃ፤ ወደ ጨውዋ።

«ወፍጮ ቤት ታውቅ የለ?» አለችኝ። «እህልህን ስታስገባ ቁጥር ይሰጡሃል፤ ዱቄትህን የምትወስደው ቁጥሩን ስትመልስ ነው። ማሽኑም እንደዚያው። ልመዝገብ ስትለው ረጅም ደብዳቤ ይመልስልሃል፤ ኤክስኤምኤል ይሉታል። የየጣቢያው ስም በምልክት ታጥሮ ተቀምጧል፤ ከስሙ ሥር ቁጥር አለ። እኔ ለኮምፒውተሩ ‹ስሙ ሰቆጣ የሆነውን ጣቢያ ፈልግ፣ ከሥሩ ያለውን ቁጥር አውጣ፣ መልሰህ ስጠው› ብዬዋለሁ።»

«እና አያወጣም?»

«አንድ ሰው ስሰድ ያወጣል። አሥር ስሰድ ያወጣል። ሦስት መቶ ስሰድ ግማሾቹ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ።»

«ተጋፍተው ይሆናል» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ?

ሰኞ ኔትወርኩ ነው አለች። ማክሰኞ ኔትወርኩ አይደለም አለች። ረቡዕ «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ሐጂ ግን ከመጀመሪያውም አልተጠራጠሩም። «ዓይን ነው» አሉ። «ያቺ ይታየሽ ናት። ወላሂ ዓይን ነው!»

ወንዳወቅ በበኩሉ በስልክ «ጫናው ከብዶታል፤ አይችልም ብለሽ ጻፊና እንገላገል» አላት።

«ከብዶት ቢሆን ይዘገይ ነበር» አለችው። «ይሄ አይዘገይም። ከተፍ አድርጎ ነው ባዶ የሚመልሰው። ምኑም አልገባኝ።»

እኔማ ያልገባት ነገር ራሱ አልገባኝም።

ሐሙስ እለት ሐጂ ጠሩኝ። ለምን እንደጠሩኝ አውቃለሁ። የሱቁን ሁለት ታፔላ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ የፊት ለፊቱን «ዓብዱልቃድር»፣ የጎኑን «አብዱልቃድር» ብዬ። ቀለሙ እያለቀብኝ ነበርና አጭሯ ፊደል ትሻላለች ብዬ ነው። ስድስት ወር ሙሉ በጎን በኩል ባለፉ ቁጥር ይራገማሉ።

«አንተ ጌታሰው! የኔ ስም በዓይኑ ዓ ነው። ያ የሰቀልከው የማን ሱቅ ነው?»

«ሐጂ፣ ሲጠራ እኮ አንድ ነው።»

«ለሚሰማ አንድ ነው! ለሚያይ ሁለት ሰው ነው!»

ጓዳ ውስጥ ወንበር ወደቀ። ፊርደውስ ሻርፗ ተንሸራቶ፣ ዓይኗ ፈጦ ወጣች።

«አባ፣ እስቲ ይድገሙት።»

«ምኑን?»

«አሁን ያሉትን።»

ሐጂ የሚቆጣ ሰው ድገም ሲባል ሰምተው አያውቁም፤ ግራ ገብቷቸው ቀስ ብለው ደገሙት። እሷ ሮጣ ተመለሰች። ተከትያት ገባሁ። ከማሽኑ የመጡ ሁለት ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ከፍታለች። አንደኛው «ሰቆጣ» ይላል፤ በእሳቱ ሰ። ሌላኛው «ሠቆጣ» ይላል፤ በንጉሡ ሠ።

ለካ ማሽኑ አንድ አልነበረም። ሰው ሲያንስ አንደኛው ብቻውን ይመልሳል፤ ሰው ሲበዛ ሁለተኛው ይነሳል። የጣቢያዎቹን ስም አንደኛው ላይ አንድ ሰው፣ ሁለተኛው ላይ ሌላ ሰው ጽፎታል። ኮምፒውተሩ የታዘዘው በእሳቱ ሰ የተጻፈችውን ሰቆጣ እንዲፈልግ ነው። ሁለተኛው ደብዳቤ ውስጥ ደግሞ እንዲህ የምትባል አገር የለችም።

«ዓይን ነው አላልኳችሁም?» አሉ ሐጂ ከበሩ ሆነው።

ዓርብ ወንዳወቅ ሲደውል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ የጨው ጆንያው ላይ አስቀመጠችው። ሌላኛው ጆንያ ላይ አያ ምሳው ተቀምጠዋል። አያ ምሳው ከዝቋላ ፍየል ነድተው ሁለት ቀን በእግራቸው የመጡ የሐጂ ደንበኛ ናቸው፤ ሰኞ ሳልመዘገብ አልመለስም ብለው ሰነበቱ።

ፊርደውስ ያገኘችውን ነገረችው። ወንዳወቅ ሳቀ፤ «ጎበዝ! ሁለቱንም ሰ እንዲቀበል አድርጊው።»

«አድርጌያለሁ። ሦስት መቶዎቹም አለፉ።»

«በቃ! ይችላል ብለሽ ላኪያ።»

«ያለፉት የኔ ሰዎች ናቸው። ሁለቱንም እንዲያነቡ ነግሬያቸዋለሁ። ማሽኑን ግን የነገረው የለም። ዛሬ በአንደኛው የተመዘገበ ሰው ነገ ዘሩን ሊወስድ ሲመጣ ሁለተኛው ላይ ቢወድቅ ‹የለህም› ይለዋል።»

«እሱ የጻፉት ሰዎች ጣጣ ነው፣ ፊርደውስ። እኛ የምንለካው ጫና ነው።»

«ምን ሆነ ነው የሚለው?» አሉ አያ ምሳው።

«ሰቆጣን በእሳቱ ሰ እንጻፋት ወይስ በንጉሡ ሠ እያሉ ነው» አልኳቸው።

አሰቡበት። «እሳቱንም ንጉሡንም አይቻለሁ» አሉ። «ሲደርሱብህ ልዩነታቸው ብዙም አይደለም።»

ሐጂ ሳቁ፣ እኔ ሳቅሁ፣ ስልኩ ውስጥም ሳቅ ተሰማ። ፊርደውስ አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ጻፈች፤ በትከሻዋ በኩል አነበብኩት፦ «ጫናውን ይችላል። ሰቆጣን ግን አያውቃትም። አይከፈት።»

«ላክሽው እንዴ?» አለ ወንዳወቅ፤ ደብዳቤው ደርሶት መሆን አለበት፣ ድምፁ ተለወጠ። «ፊርደውስ፣ ሙከራ ላይ መሆንሽን ረሳሽው? መልሺውና አስተካክይው። ሰኞ እኮ ይከፈታል ተብሏል።»

አንገቷን ቀና አድርጋ መጀመሪያ ስልኩን፣ ቀጥሎ አባቷን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። ሐጂ ሚዛኑን ማጽዳት ጀመሩ። እኔ ጫማዬ ላይ ቀለም አገኘሁ።

«እሺ፣ አስተካክላለሁ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ አያ ምሳው ሰኞ ተሰልፈው ‹የሉም› ሲባሉ፣ ቆመው ያሉት በየትኛው ሰ በተጻፈችው ሰቆጣ ነው?»