ድምፅ የሌላት ብስክሌት

ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ከድሬ ዳዋ የደወለልኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ አዳማ ባለችው ትንሿ የልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፍኩ ሳለ ነው።

«እትዬ፣ ሰው ገጨሁ» አለኝ።

«በምን?» አልኩት፤ መኪና እንደሌለው አውቃለሁ።

«በብስክሌቷ።»

በባትሪ የምትሄደውን ብስክሌቱን ማለቱ ነው። የተገጩት ሽማግሌ ናቸው፤ የጭን አጥንታቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። እሱ ለትራፊክ ፖሊስ ቃሉን ሰጥቶ በዋስ ወጥቷል። ቤተሰቡን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን ብቻውን መሄድ ፈርቷል። እናታችን ከሞተች ወዲህ ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ ትልቅ ሰው ቢባል ያለሁት እኔው ነኝ። ቀሚሱን ለጓደኛዬ አስረክቤ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ መናኸሪያ ተገኘሁ።

ሐሙስ፣ መንገድ ላይ

አውቶብሱ ከአዳማ ሲወጣ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር። መተሐራ ስንደርስ ፀሐይዋ ወጥታ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ታሞቀው ጀመር። አዋሽን አልፈን እስከ ሚኤሶ ድረስ ሜዳው ደረቅ ነው፤ ግራር፣ ግመል፣ ደግሞ ግራር። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱትና ከዚያ የሚመጡት ከባድ መኪናዎች ባጠገባችን ባለፉ ቁጥር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጊዜ ቢሆን አይኔን ጨፍኜ እተኛ ነበር። ያን ቀን ግን በመንገዱ ዳር የሚሄደውን እግረኛ ሁሉ ስቆጥር ዋልኩ። ውሃ የተሸከሙ ሴቶች፣ ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች፣ ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው የሚራመዱ አዛውንቶች። ሁሉም ከአስፋልቱ አንድ እርምጃ ቢርቁ ነው።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሂርና የምትወርድ ሴት ዝምታዬን አይታ «ለቅሶ ነው እንዴ የምትሄጂው?» አለችኝ።

«አይደለም። እንዳይሆን ግን እየጸለይኩ ነው» አልኳት። ከዚያ በኋላ ምንም ሳትጠይቀኝ ብርቱካን ልጣ እኩሌታውን ሰጠችኝ።

ጭሮ ለምሳ ቆምን። ጥብስ በእንጀራ ሁለት መቶ ሃምሳ ብር ነው፤ አዝዤ ከጥቂት ጉርሻ በላይ አልወረደልኝም። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ተራራ ለተራራ እየተጠማዘዘ ይወጣል። በእርከን የተሠራው የማሽላና የጫት ማሳ ከገደሉ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ሸለቆው ድረስ አረንጓዴ ነው። ቁልቢን አልፈን ደንገጎ ስንደርስ ቁልቁለቱ ጀመረ። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ሹራቤን አወለቅኩ፣ ቀጥሎ ነጠላዬን። ሰውነቴን ሙቀት እንደጋቢ ሲጠቀልለው ድሬ መድረሳችንን አወቅኩ።

ደረጀ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ነበር። ከስቷል። ብስክሌቷ በትራፊክ ፖሊስ ግቢ ታስራለችና ባጃጅ ይዘን ወደ ክፍሉ ሄድን። የሚሠራው መልካ ጀብዱ በኩል ባለው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ በአንድ የልብስ ፋብሪካ የማሽን ጥገና ላይ ነው። ብስክሌቷን የገዛው ለዚሁ ነው፤ ባጃጅ ሲጠብቅ እየረፈደበት ብዙ ጊዜ አለቃው ተቆጥቶታል።

«እንዴት ሆነ?» አልኩት፣ እራት ከቀረበ በኋላ።

«ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ነው። ሽማግሌው ሳያዩ ገቡብኝ። ምንም ጊዜ አላገኘሁም፣ እትዬ።»

አመንኩት። ሌላ ምን ላድርግ?

ዓርብ ጠዋት፣ ከዚራ

ከሆስፒታሉ በፊት ቦታውን ላየው ፈለግኩ። ድሬ ሥራዋን የምትጨርሰው ፀሐይዋ ሳትበረታ ነውና በጠዋት ወጣን። በአንዲት ትንሽ ቤት ፈጢራ የሚሉትን ስስ ቂጣ በማር በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ በእግራችን ወደ ከዚራ ሰፈር አመራን። ከዚራ መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ትልልቅ ዛፎች ከሁለቱም ወገን ተገናኝተው ጥላ ሠርተውበታል። ባጃጆች፣ ሚኒባሶች፣ ብስክሌቶች በዚያ ጥላ ሥር ይርመሰመሳሉ። ከብስክሌቶቹ አንዳንዶቹ ፔዳል ይመታሉ፤ አንዳንዶቹ ነጂያቸው እግሩን ሰብስቦ ተቀምጦ በዝምታ ያልፋሉ። አንዷ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ልትነካው ስትል ነው ያየኋት። ምንም ድምፅ አልነበራትም።

ደረጀ አንድ ዛፍ ሥር ቆመ። «እዚህ ጋ ነው። እሳቸው ከዚህ የእግረኛ መንገድ ወረዱ።»

«አንተስ ከየት መጣህ?»

በእጁ አመለከተኝ። እኔ መንዳት አልችልም፤ ይሁን እንጂ መኪናዎቹ በዚህ ጠርዝ ከየት ወደየት እንደሚሄዱ ፊት ለፊቴ እያየሁ ነው። እሱ ያመለከተኝ ተቃራኒውን ነበር።

«መኪናው ሁሉ ከዚያ እየመጣ አንተ እንዴት በዚህ መጣህ?»

የዛፉን ቅርፊት በጥፍሩ መፋቅ ጀመረ። ቆይቶ፣ አደባባዩ ድረስ ሄዶ መዞር ስለሚያረፍደው ሁልጊዜ የግራውን ጠርዝ ይዞ እንደሚሄድ ነገረኝ። ሽማግሌው መኪና የሚመጣበትን ወገን አይተዋል። ባዶ ነበር። ስለዚህ ወረዱ። እሱ የመጣው በሌላው ወገን ነው።

«ለፖሊስ እንዲህ ብለሃል?»

«በቀኜ ነበርኩ ብያለሁ» አለ፤ ድምፁ በባጃጆቹ ጩኸት ተውጦ በግድ ነው የሰማሁት። «እትዬ፣ ተይው በቃ። ያየ ሰው የለም። እሳቸውም ራሳቸው አጠፋሁ ብለዋል። እውነቱን ካወጣሁ ሥራዬም ይሄዳል።»

ልቆጣው አስቤ ነበር። ነገር ግን ያ የከሳ ፊት ያሳደግኩት ልጅ ፊት ነው። ዝም አልኩ። ዝም ብዬም ከጎኑ ሆኜ ሙዝና ማንጎ ገዛሁ፤ ወደ ሆስፒታል ሄድን።

ሆስፒታል

ሽማግሌው አባባ ዩሱፍ ይባላሉ። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በባቡር ጥገና ክፍል ነው። ቀጭን ናቸው፤ ጺማቸው በሂና ቀልቷል። እግራቸው በክብደት ተወጥሮ ታስሮ ቀዶ ጥገና ይጠብቃሉ። ልጃቸው ፈቲያ፣ የእኔ እኩያ የምትሆን ሴት፣ ሾርባ በማንኪያ እያጠጣቻቸው ነበር።

ጎንበስ ብዬ የመጣሁበትን ተናገርኩ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ደረጀ ከኋላዬ ቆሞ ወለሉን ያያል።

«አቦ፣ ተቀመጪ!» አሉኝ። «ከአዳማ ድረስ ለዚህ? አብሽሪ፣ አይዞሽ። ልጁ ምን አደረገ? ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እርስዎማ...» ብሎ ደረጀ ጀምሮ ቃሉን ዋጠው።

«እርስዎ አትበለኝ። ስንት ዓመት እዚህ ኖረህ፣ ድሬ አንተ እንደሚባል አታውቅም?» ሊስቁ ሞክረው ሕመሙ ፊታቸውን አጨማደደው። «አየሁ፤ ወላሂ አይቻለሁ። መኪና የለም። ገባሁ። ከዚያ መሬት ላይ ነኝ። እንግዲህ አይኔ ከድቶኛል ማለት ነው። ጆሮዬም።»

ፈቲያ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። «ስንቴ ነግሬዋለሁ! ብቻህን አትውጣ፣ አርጅተሃል እያልኩት። በየማለዳው ከመስጊድ ወደ ሻይ ቤት። ጓደኞቼ ይጠብቁኛል ይላል። አሁን አበቃ። ከዚህ ስንወጣ ያለ ሰው በሩን አያልፍም። ወንድሞቼም ተስማምተዋል።»

አባባ ዩሱፍ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እጃቸው ብርድ ልብሱ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ጣቶቻቸው ቀስ ብለው ተሰበሰቡ። በሰው ፊት እንደ ሕፃን ሲወራባቸው መስማቱ ከስብራቱ ይልቅ እንደጎዳቸው ገባኝ። ተናገሪ፣ ተናገሪ የሚል ነገር ደረቴን ገፋው፤ አፌ ግን አልታዘዘኝም።

የተናገረው ደረጀ ነው።

«አባባ፣ አይንህ አልከዳህም።» ወደ አልጋው ቀረበ። «አይተህ ነው የገባኸው። መኪናው የሚመጣበትን አይተሃል። እኔ ነኝ በተቃራኒ የመጣሁት። በማይኬድበት። ለፖሊስም ዋሽቻለሁ።»

አጠገባችን የተኛው በሽተኛ ቀና ብሎ አየን። አባባ ዩሱፍ ደረጀን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። እኔ ስድብ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡትም ይገባዋል። እሳቸው ግን አንገታቸውን ወደ ልጃቸው መለሱ።

«ሰማሽ?» አሏት። «አይቻለሁ።»

ፈቲያ ሳህኑን ይዛ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ አስቀምጣው በጥድፊያ ወጣች። ተከትያት ስወጣ የኮሪደሩን ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች።

«ይሄን ሁሉ ቀን አባቴን ስቆጣው ነው የከረምኩት» አለችኝ። «እግሩ ተሰብሮ ተኝቶ እኔ እቆጣዋለሁ። እሱ ደግሞ ‹እሺ፣ እሺ› ይለኛል። ወንድምሽ ይሄን እያወቀ ቤቱ ተኝቶ አደረ?»

«አዎ» አልኳት።

«አሁን ሂዱልኝ። ነገ እናወራለን። አሁን ፊቱን ማየት አልችልም።»

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት

ከሰዓት በኋላ፣ የጁምዓ ሶላት አብቅቶ ቢሮው ሲከፈት፣ ደረጀ ቃሉን ለማስተካከል ሄደ። አብሬው ገባሁ። በግቢው ጥግ የተያዙ ባጃጆችና ሞተሮች ተደርድረዋል፤ የእሱም ብስክሌት የፊት ጎማዋ ተጣሞ እዚያው ናት። ጉዳዩን የያዘችው ሳጅን ወጣት ሴት ነበረች። እስኪጨርስ ሳታቋርጠው ሰማችው።

«መንጃ ፈቃድ አለህ?» አለችው በመጨረሻ።

«የለኝም። የሸጠልኝ ሰው ፔዳል ስላላት ብስክሌት ናት፣ ምንም አያስፈልጋትም ብሎኛል።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ፔዳሉን መትተህ ታውቃለህ?»

«ባትሪ ሲያልቅ።»

«እንግዲያው እኛ እንደ ሞተር ነው የምናያት። ሰሌዳ ያስፈልጋታል፣ መንጃ ፈቃድም። እሱን ፍርድ ቤት ይመለከተዋል። አቅጣጫው ግን ክርክር የለበትም። በባትሪ ሄደች በእግር፣ ብስክሌት ከመኪናው ጋር በቀኝ ጠርዝ ነው የምትሄደው። በእግረኛ መንገድ ላይ አትወጣም። ሲመሽ መብራት ታበራለች። የናንተ ደግሞ ድምፅ የላትም፤ ሰው የሚተማመነው በአቅጣጫው ብቻ ነው።» ብዕሯን አነሳች። «ቃልህን ስትቀይር ክሱ እንደሚከብድብህ ታውቃለህ?»

ደረጀ ወደ እኔ አየ። ሕፃን ሳለ መርፌ ሲወጋ የሚያየኝ አስተያየት ነው። ያኔ አይኑን በእጄ እሸፍንለት ነበር። አሁን አንገቴን ብቻ ነቀነቅኩ።

«አውቃለሁ» አላት። ፈረመ።

ቅዳሜ

በማግስቱ ሆስፒታል ስንመለስ ከፈቲያ ጋር ሁለት ወንድሞቿና አንድ የሰፈር ሽማግሌ ነበሩ። ንግግሩ ረጅም ነው፤ በአማርኛ ይጀመራል፣ ኦሮምኛ ይገባል፣ ሲጋጋል ሶማሊኛ ይጨመርበታል፣ ለእኔ ሲባል እንደገና ወደ አማርኛ ይመለሳል። ታላቁ ወንድም ተቆጥቶ ነበር። ውሸቱን በቀላሉ እንደማይረሳው ለደረጀ ፊት ለፊት ነገረው። ደረጀም «አትርሳው» አለው። በመጨረሻ ይቅርታውን ተቀበሉ፤ የሕጉ ጉዳይ ግን በሕጉ እንዲሄድ ተስማማን። ደረጀ ከሥራ መልስ ተራ ይዞ አባባን ሊያስታምም ቃል ገባ። ፈቲያ እሱን አላናገረችውም። እኔን ግን ስሰናበታት አቀፈችኝ።

አባባ ዩሱፍ ቀዶ ጥገናቸው ለሰኞ ተቀጥሯል። ሐኪሙ በከዘራ እንደሚራመዱ ተስፋ ሰጥቷቸዋል። ስንወጣ ከፈቲያ ጋር የሚነጋገሩት ይሰማኝ ነበር።

«ስነሳ እስከ ሻይ ቤት ራሴ ነኝ የምሄደው።»

«እሺ አባ።»

«ብቻዬን።»

«እሺ አልኩህ እኮ።»

እሑድ፣ ወደ ቤት

መመለሻው ያው መንገድ ነው። ደንገጎን ስንወጣ ሙቀቱ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ። ከእንግዲህ ወንድሜን ምን እንደሚጠብቀው አላውቅም። ቅጣቱ ምን ያህል እንደሚሆን፣ ፋብሪካው እንደሚያቆየው ወይም እንደሚያሰናብተው አላውቅም። አሁን ማልዶ እየተነሳ በባጃጅ ነው የሚመላለሰው፤ መንጃ ፈቃድ ለማውጣትም ይመዘገባል። እኔ እስከዛሬ የመንገድ ሕግ የትራፊክ ፖሊስና የሹፌር ጉዳይ ይመስለኝ ነበር። ከተያዝክ ጥፋት፣ ካልተያዝክ ደህና። ከዚራ ዛፍ ሥር የቆመው ሰው ግን ወደ አንድ ወገን ብቻ ያየው ሌሎቻችን ደንቡን እንደምናከብር አምኖ ነው። ያን እምነት ስናፈርስበት አጥንቱን ብቻ አልሰበርነውም፤ የገዛ አይኑን እንዲጠራጠር አደረግነው።

አዳማ ስገባ መብራት በርቶ ነበር። ባለቤቴ መናኸሪያ ጠብቆኝ ቦርሳዬን ተቀበለኝ።

«እሺ፣ ነገሩ አለቀ?»

«ደረጀ ተከሰሰ። በፊት ከነበረውም በከፋ።»

ቆሞ አየኝ። «ታዲያ እዚያ ድረስ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?»

ወንድሜን ላድን ነበር የሄድኩት። ይህን ልነግረው ስል ፈቲያና አባቷ ታወሱኝ።

«አንድ ሽማግሌ» አልኩት፣ «ሲድን ብቻውን ከቤት ይወጣል።»

አልገባውም። እያስረዳሁት ወደ ቤት ሄድን።