አባቴ ያልቆጠሯት

አባቴ ዘር በመቁጠር የታወቁ ሰው ናቸው። ከአስኮ እስከ አስራ ስምንት ማዞሪያ ልጁን ሊድር ያሰበ ጎጃሜ፣ ሙሽሮቹ እስከ ሰባት ቤት ድረስ እንዳይዛመዱ መጀመሪያ የሚያማክረው እሳቸውን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከልጅ ወደ አባት፣ ከአባት ወደ አያት እያሉ ሲወጡ አንዴም አይደናቀፉም። ስለዚህ የልጄ ሐኪም "በቤተሰባችሁ እንደ ልጅሽ ያለ ሰው ነበር?" ብላ ስትጠይቀኝ ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። አትናገርም። ኦቲዝም እንዳለባት ካወቅን ቆይተናል፤ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ከየት መጣ የሚለው ነው። ጎረቤት ያላለው የለም፤ እርግማን ነው ያለችኝንማ በር ዘግቼባታለሁ። ባለቤቴ "ማወቁ ምን ይፈይድልሻል?" ይለኛል። እሱ ምን አለበት! በሆዴ የተሸከምኳት እኔ ነኝ። አንዳች ጥፋት ከእኔ ወደ እሷ የተላለፈ ይመስለኝ ነበር። ሁለተኛ ልጅ እንውለድ ባለኝ ቁጥር ወሬ የምቀይረውም ለዚሁ ነው።

ለሐኪሟ ሰባቱን ትውልድ በአባቴም በእናቴም በኩል አንበለበልኩላት። አባቴ ቢሰሙኝ ይኮሩብኝ ነበር። እሷ ግን ሳቀች።

"ጎበዝ ነሽ፤ ግን ወደ ላይ ብቻ ነው የወጣሽው። ወደ ጎንስ? እህት ወንድሞቻቸውስ? ያልወለዱትስ?"

እውነቷን ነው፤ ዘር ሲቆጠር ያልወለደ ሰው አይነሳም። ለጋብቻ ምን ሊያደርግ? ማንም ሆን ብሎ አልደበቃቸውም፣ አቆጣጠሩ ራሱ ይዘላቸዋል።

እሑድ ልጄን ይዤ ከኮልፌ ወደ አስኮ፣ አባቴ ቤት ሄድኩ። ልጄ ፀሐይ ባየች ቁጥር የምታደርገው ነገር አለ፤ የቀኝ እጇን ጣቶች ወደ ዓይኗ ጥግ አስጠግታ በብርሃኑ ላይ እያርገበገበች ታንጎራጉራለች። ደስታዋ ነው። አባቴ ግን ይህን ስትጀምር ብድግ ብለው ወደ ጓሮ ይወጣሉ። ያፍሩባታል ብዬ ስንት ጊዜ ተቀይሜያቸዋለሁ።

የዚያን ቀንም ደጃፉ ላይ ፀሐይ አገኘችና ጀመረች። እሳቸውም ተነሱ። ዛሬስ አልለቅዎትም ብዬ የጓሮው በር ላይ ቆምኩ።

"አባባ፣ ይቀመጡ እስቲ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሳይወልዱ ካለፉት ዘመዶቻችን ውስጥ፣ እንደዚች ልጅ የሆነ ሰው ነበር?"

ቆመው አዩኝ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። መልስ ከመስጠታቸው በፊት ቀኝ እጃቸው ተነሳ፤ ኮልፌ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ እንጨት ሲልግ የኖረው ያ ሻካራ እጅ ወደ ዓይናቸው ጥግ ተጠጋና ጣቶቹ ተርገበገቡ። ቁርጥ የልጄን።

"ታላቅ እህቴ" አሉ። "አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። ወንዝ ዳር ውሃው ሲያብረቀርቅ እንዲህ ስታደርግ ትውል ነበር። እኔን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ጀርባዋ ላይ ሆኜ ስታንጎራጉር ይሰማኝ ነበር። ልጅ እያለሁ ሞተች። ይቺ እጇን ስታነሳ እሷ ትመጣብኛለች፤ እንባዬን እንዳታዪብኝ ነው የምወጣው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

"ማን ጠየቀኝ? የሚጠይቁኝ የወለዱትን ነው።"

ሐኪሟ ስነግራት በጥሞና ሰማችኝ፤ ግን ልቤ ቶሎ እንዳይበር ያዘችኝ። ጣት ማርገብገቡ በብዙ ኦቲዝም ባለባቸው ልጆች ላይ ስለሚታይ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም አለች። የልጄ የደም ምርመራም ይሄ ነው የሚባል አንድ ምክንያት አላሳየም። ከብዙ ጥቃቅን ነገሮች ተደራርቦ በቤተሰብ ሊወርድ እንደሚችል፣ የማንም ጥፋት ግን እንዳልሆነ አስረዳችኝ። እርግጡን ምናልባት አላውቀው ይሆናል።

ቢሆንም መገረሜ አልወጣልኝም። ወንዝ ዳር የምትቀመጠዋን ልጅ አስባታለሁ። ያኔ አባቴን ስታዝል እኔንም ልጄንም አብራ አዝላን ነበር። ማንም ሳይቆጥራት እዚህ ኮልፌ ድረስ መጥታ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ያ የጥፋተኝነት ስሜቴ የት እንደገባ እንጃ፤ በቦታው ሌላ ነገር ተቀምጧል፤ ስሙን ብትጠይቁኝ አክብሮት እላችኋለሁ።

አባቴ አሁን ወደ ጓሮ አይወጡም። ከልጄ ጎን ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ዘሯን ይቆጥሩላታል። ከእሷ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ እሳቸው ይወጡና ይቆማሉ። የእህታቸውን ስም ጮክ ብለው ይጠሩና ከዚያ ይቀጥላሉ።

ሰሞኑን ባለቤቴ የሁለተኛ ልጅ ነገር እንደገና አነሳ። ወሬ አልቀየርኩም።

"አትፈሪም?" አለኝ፣ ገርሞት።

"እፈራለሁ" አልኩት። "ግን የምታዝለው ታላቅ እህት አለችው።"